በሞቴ ላላለኝ የጥብቅና ድርጅት

ለተከበሩ አቶ አንዳርጋቸው
በወልደኢየሱስ እና ሸሪኮቹ የጥብቅና ድርጅት የቅጥር ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባልደረቦችዎም፣ ባለፈው ወር ዩኒቨርሲቲያችን ማራኪ ግቢ ድረስ ያመጣቻችሁ ያቺ ጥቁር ማኪናም እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። በእኛ አገር በትክል ድንጋይ ቢሆን አያ አንዳርጋቸው ብዬ፣ ጉልበትዎን ስሜ ነበር ይህን የምነግርዎ፤ ነገር ግን የሕግ ተማሪ ነኝና በጽሑፍ ይሁን ብያለሁ። ሰርካለም ታከለ እባላለሁ፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ካላስታወሱኝ አይጨነቁ፤ ለቃለ መጠይቅ ከመቅደላዊት ቀጥሎ የገባሁት ልጅ ነኝ።

ቅሬታዬን በታላቅ ትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምሳው ነው። ከቃለ መጠይቁ በፊት ለተማሪዎቹ ምሳ ጋብዛችሁ ለእኔም ሳህን ሲቀርብልኝ፣ በልቻለሁ አልኩ። ኧረ የት በልቼ! በእኛ አገር ጋባዥ በሞቴ ይላል፣ እንግዳ በቃኝ ይላል፣ ጋባዥ በግድ ያጎርሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚበላው፤ በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚሰድ ስድ ይባላል። እናንተ ግን እሺ ብላችሁ ሳህኑን ለመቅደላዊት አሳለፋችሁት፣ እሷም ሁለቱንም አጣጥማ በላች። ስለ መስተንግዷችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛው ዋናው ነው። በቃለ መጠይቁ መጨረሻ እርስዎ ራስዎ ፈገግ ብለው፣ ከእኛ ጋር መሥራት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ ስመኘው የኖርኩት ጥያቄ ስለሆነ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። አፌ ግን ያደገበትን አወጣ፤ ኧረ ለምን ትቸገራላችሁ፣ ከእኔ የሚሻሉ ብዙ አሉ አልኩ። እስኪለምኑኝ ድረስ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ብጠብቅ፣ እርስዎ አመስግነው በሩን አሳዩኝ። በማግስቱ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ ልጅቷ ፍላጎት የላትም ማለታችሁን ነገረኝ። ምነው ጌታዬ! ከሰው ውል ውስጥ የተሸሸገውን ሐሳብ ፈልቅቃችሁ የምታወጡ ጠበቆች፣ የአንዲት የገጠር ልጅ ይሉኝታ እንዲህ ይጠፋችሁ?

ሦስተኛውን ቅሬታ በእናንተ ላይ ላቅርብ ወይስ በፈጣሪ ላይ፣ ገና አልወሰንኩም። መቅደላዊት፣ ማራኪ ሰፈር በተከራየናት አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖር፣ አዲስ አበባ ያደገች ልጅ ናት። ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱት አዎ ብላለች። እናንተም፣ ተፎካካሪያችሁ የሆነው ሌላው ትልቅ ድርጅትም፣ ነይልን አላችኋት፤ ከዚያ ወዲህ ቤታችን ችሎት ሆኗል። አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ እናንተ የባንክና የኢንቨስትመንት ውል እንደምታሠሩ፣ እነሱ ደግሞ የግልግል ጉዳይ ይዘው ናይሮቢ ድረስ እንደሚልኩ እያነሳች፣ የቱን ልምረጥ ትለኛለች። እናንተ ጋ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ እነሱ ጋ ሊፍቱ ፈጣን ነው አሉ። በተማሪዎች የምስለ ችሎት ክርክር ላይ የረታኋት እኔ፣ ቁጭ ብዬ የሊፍት ፍጥነት አመዛዝንላታለሁ!

በቀደም ዕለት እናንተ በሰጣችኋት ጃንጥላ አስጠልላኝ እስከ ታክሲው ስትሸኘኝ፣ ዝናቡ ቢደበድበኝ በወደድኩ። ደግሞ ሸጋ ልጅ መሆኗ ነው የባሰው፤ ልጥላት ብል እንኳ አትመችም። ይህ ቅናት ነው የሚል ካለ፣ አዎ፣ ቅናት ነው፤ ያንገበግበኛል፣ ምግብ አልበላ ብሎኛል። እናቴ ልጄ አዲስ አበባ ልትገባልኝ ነው ብላ ለገበያው ሁሉ አውርታለች፤ አሁን ስትደውልልኝ ስልኩን ማንሳት ፈርቻለሁ።

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ። ካልለመናችሁኝ ግን አልናገርም።

እግዜር ድርጅታችሁን እንደ ሕንጻችሁ ከፍ ከፍ እንዲያደርግላችሁ፣ መስኮታችሁን እንዲያሰፋላችሁ፣ ሊፍታችሁንም ከዚያኛው ድርጅት ሊፍት እንዲያስበልጥላችሁ ዘወትር የምትመኝ፣

አክባሪዎ፣ ፍላጎት የላትም የተባለችው፣
ሰርካለም ታከለ
ማራኪ፣ ጎንደር

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ መቅደላዊት ቁርጡን ተናገረች፤ ያኛውን ድርጅት መርጣለች። እርስዎ ደጋግመው እየደወሉ፣ ኧረ ተይ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ አስቢበት፣ በእኔ ይሁንብሽ ሲሏት፣ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ሰማሁ። ለካ መለመን ትችሉበታላችሁ! እንግዲህ ያ ቦታ አሁን ባዶ ነው። እኔም በአገሬ ስድ የሚያሰኘኝን ቃል በጽሑፍ ልበለውና ይውጣልኝ፤ ማንም ሳይለምነኝ፣ እፈልጋለሁ።