የፅጌ ቀሚስ ልክ

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 2006

ጻፊ፣ ዮርዳኖስ። አታሳምሪው፣ ያልኩትን ብቻ። የአባትሽ እጅ መርፌ እንጂ እስክሪብቶ አያውቅም።

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። መናኸሪያ አካባቢ እንደ እኔ የሚሰፋ ካለ ይምጣ።

እናትሽ ፅጌ ለጎረቤታችን ለበላይነህ ልጅ ሠርግ ቀሚስ ስፋልኝ አለች። የካንሰሩን ዕጢ ብቻ አውጥተው ጡቷን ተዉላት፣ የጨረር ሕክምናውንም አዲስ አበባ ጨርሳ መጣች፤ ይኸው ቀሚስ አማራት። "ከደረቱ ልክ አድርገው" አለች። ለካኋት። የግራ ጡቷ ያንሳል... ሜትሬን ጠቀለልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ሐኪም ቤት። ዶክተር ሸዋንግዛው "እማማ፣ የጡትዎን መልክ እንዴት አገኙት?" አላት።

"ግራው ያንሳል" አልኩት።

"አባባ፣ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው።"

ፅጌ ሳቀች። "ወድጄዋለሁ ልጄ። ዕጢው ሄደ፣ ጡቴ ቀረልኝ።"

እኔ እንዳላዝን ብላ ነው። ሌላ ምን ትላለች?

ሰኞ፣ ጥር 12

በግራው ገበር ውስጥ ጥጥ ከተትኩ። እኩል ሆነ! ሰው አያውቅባትም። አንቺም ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ለካችው። ደረቷን ጫን ጫን አደረገችው።

"ባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እኩል እንዲሆን ነው። ሰው እንዳያይሽ..."

"የቱ ሰው? የምታየው አንተ! እኔ መስታወት ፊት ስቆም ዳንኩ እላለሁ፤ አንተ ጎደለች ትላለህ። ወይ ጥጡን አውጣው፣ ወይ ራስህ ለብሰኸው ሠርግ ሂድ!"

ቀሚሱን ወርውራብኝ ወጣች። የሰፋሁትን የመለሰብኝ ደንበኛ የለም። ሚስቴ መለሰችብኝ። "ወድጄዋለሁ" ማለቷን ለእኔ ብላ ነው ያልኩት... ለካስ ጥጡ ለእኔ ኖሯል?

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ጥጡን አውጥቼ ቀሚሱን ፈታሁት። እንደገና ለካኋት። የድሮዋን አይደለም፣ አሁን ያለችውን።

ሰኞ፣ ጥር 19

ዛሬ የምትጽፈው ፅጌ ራሷ ናት። ዮርዳኖስ ምስጢር መያዝ አትችልም፣ ሁሉን አስነብባታለች።

ትናንት ፅጌ ሠርጉ ላይ ነጠላዋን ወንበር ላይ ጥላ ጨፈረች። ቀሚሱ እንደ ቆዳዋ! የበላይነህ ሚስት "ማን ሰፋልሽ?" ብትላት፣ "ባሌ። ሁለቴ ሰፍቶ ነው የቀናው" አለቻት። ሁለቴ ማለቱ ምን አስፈለገ?

ለማንኛውም፣ ዶክተሩ ደግሞ ሲጠይቃት አፌን እይዛለሁ። መልሱ የእሷ ነው።

"ይሄንንም ልጻፈው?" ትለኛለች፣ እየሳቀች።

ጻፊው። አድምቀሽ ጻፊው።