ስምህን የማይጠራው ሰውዬ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንቅልፍ እንዴት ነው? እህልስ ይወርድልሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

ልብስ ስፌት ቤታችን ሥራ በዝቷል። ስም የሰፋሁባቸውን ማሊያዎች አጥቤ ደጅ ሰቅያቸው ነበር። ነፋስ ሲገባባቸው ሰው ሳይኖርባቸው የሚሮጡ ይመስላሉ። መሃላቸው አንተን ያየሁ መስሎኝ ፈዝዤ ቆምኩ።

እሑድ ጨዋታህን ከጋሼ ሰፊው ጋር በሱቁ ቴሌቪዥን አየን። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ሰውዬ ሌላውን ሁሉ በስሙ እየጠራ፣ ኳሷ አንተ ጋ ስትደርስ «ጥቁሩ» ይላል። ስታገባም «ጥቁሩ አገባ!» ብሎ ጮኸ።

እኔ ፊቴን ሳጠቁር ጋሼ አየኝና፣ «ምን ያስከፋል? ጥቁር አይደል እንዴ? እናታችሁስ ‹ጥቁሬ› እያለች አይደል ያሳደገችው?» አለኝ።

«እናቴ እኮ ስሙንም ታውቅ ነበር» አልኩት።

ተነሥቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋው። ጎሏን ሲደግሟት ያለ ድምፅ አየኋት፤ አንገትህን ደፍተህ ብቻህን ወደ መሃል ስትመለስ። ድሮ ስታገባ ሜዳው አይበቃህም ነበር። ደክሞህ ይሆናል።

ከማሊያው ሥር የምትለብሰው ካናቴራ ልኬልሃለሁ። ከውስጥ፣ በልብህ በኩል ስምህን ሰፍቼበታለሁ። ፊደል የለየሁት ማሊያ ላይ እየሰፋሁ ስለሆነ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ።

ክፍልህን ጠርጌ አንሶላውን ቀይሬዋለሁ። እንዲያው ቤት ሳጸዳ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ክፉ አይንካህ።

ስምህን ስትጠራ የምትውለው እህትህ