የቡሬው ስታብላይዘር

ሰኔ 12፣ 1995፣ ፍኖተ ሰላም

ታደለን አጥቤ፣ አልብሼ፣ ትራስ አስደግፌ ቴፑን ከፈትኩለት። ዛሬም ዘፈነ። ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ባለቤቴ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ከወደቀ ወዲህ ውኃ ስጪኝ ማለት እንኳ አይችልም። ያ የድሮ ካሴቱ ሲዞር ግን ቃሉ ከነዜማው ይወጣል። ሐኪሙም በዚሁ ቀጥይ ብሎኛል፤ ምላሱ በዜማ ሊፈታ ይችላል።

መብራቱ አስፈርቶኛል። ይሄዳል፤ ሲመለስ እንደ መብረቅ ነው። የጎረቤቴ የወ/ሮ ጥሩወርቅ ቴሌቪዥን ትናንት ጨሰ።

ሰኔ 13

ከማስተምርበት ት/ቤት አስፈቅጄ ቡሬ ሄድኩ። ባለሱቁ ስታብላይዘር አወጣልኝ። መብራት ሲያይል እሷ ትይዘዋለች፣ ቴፑ ጋ አይደርስም አለ። ቀይ መብራት አላት። ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌያት መጣሁ። ቴፑንም አምፕሊፋየሩንም እሷ ላይ ሰካሁ።

እፎይ።

ሰኔ 19፣ ከሰዓት

ከት/ቤት ስገባ ቤቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ጭስ። ዝናቡ ሲወርድ መብራት ሄዶ ነበር አሉ፤ ሲመለስ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ፈነዳ። ታደለ አልጋው ላይ፣ ዓይኑ ቴፑ ላይ። መጮህ አይችል። ተነሥቶ መንቀል አይችል። ካሴቱ እዚያው ቀልጦ ተጣብቋል።

ቀይዋ መብራት አሁንም ትበራለች።

ሰኔ 20

ቴፕ ሠሪው ከፈተው። የቴፑ ትራንስፎርመርም አምፕሊፋየሩም ተቃጥለዋል፤ መለዋወጫ የለም። ስታብላይዘር ያልኳትንም ፈታት።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ዲቫይደር ናት። መሰኪያ ከማብዛት በቀር ምንም አትይዝም፤ ውስጧ ሽቦ ብቻ ነው።»

መብራት በሄደ ቁጥር ከግድግዳው መንቀል፣ ሲመለስም እስኪረጋ መጠበቅ ነው አለኝ። ማን ይንቀልልኝ? እኔ ክፍል ውስጥ፣ እሱ አልጋ ላይ።

ሰኔ 23

ባለባትሪ ቴፕና ሌላ ካሴት ተዋስኩ። ታደለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የቀለጠው ካሴት ጭነት መኪናውን ሲነዳ ዕድሜውን ሙሉ ሲሰማው የኖረው ነው፤ በሱቆቹ ሁሉ ጠየቅሁ፣ የለም። አጥሚቱንም እምቢ አለ። ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰኔ 25

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አያሌው ከጅጋ ገጠር መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እቴ፣ ደክመሻል። ስጪኝ፣ እናቱ ቤት ይረፍ።»

ይረፍ ሲሉ እዚያ ሞቱን ይጠብቅ ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ክፋት የለባቸውም። እሑድ መኪና ይዘው ይመጣሉ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እሺ ልል ነበር።

ሰኔ 27

ጠዋት ጀርባውን ሳጥብ ሳላስበው ያን የካሴቱን ዘፈን ጀመርኩ። ድምፄ ሻካራ ነው። መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋኝ፤ ዝም አልኩ።

ታደለ ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፦ «ነይ…»

የሚቀጥለው ስንኝ ነው። እንደገና ዘፈንኩ፣ እዚያው ላይ አቆምኩ። «ነይ… ነይልኝ።» ፊቱን አላዞረም።

አልሰጣቸውም። እሑድ መኪናው ባዶውን ይመለስ። የቀረውን ግጥም ከየትም ፈልጌ አጠናለሁ።