የሁለት ሰው ክፍል

ሰኞ፣ ጥር 18፤ ጠዋት

አንሶላ እያሰጣሁ ነው የምጽፍልህ፣ ደብተሬ። ገመዱ ሞልቷል፣ የቀረውን አጥሩ ላይ ጣልኩት። አንዱ ፎጣ ሂና ነክቶት አልለቅም ብሏል። ትናንት ወደ ዱባይ የበረሩት የባሌ የመኮንን የአጎት ልጆች ናቸው ባለቤቶቹ። በሰላም ይግቡ።

ይቺን ቤት ስንሠራ ባሌ የተመካው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ከኢምፔሪያል ሆቴል ትንሽ ገባ ብላ ናት፣ ለኤርፖርት ቅርብ ናት አለ። ለሰው ሁሉ አለ። ምነው ዝም ባለ! ይኸው የአሰላ ዘመድ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ እዚህ ያድራል፣ ሲመለስ እዚህ ያድራል፣ ሊታከም ሲመጣ እዚህ ይከርማል። አሁን እትዬ አስካለ አሉ፤ የመኮንን አክስት። ለዓይናቸው ሁለት ሳምንት ብለው መጥተው ገናንም ጥምቀትንም ከእኛ ጋር ዋሉ። እወዳቸዋለሁ፤ ይህን መዝግብልኝ፣ ኋላ ክፉ ሴት እንዳትለኝ።

ወሬ አለኝ። ልጆቼ፣ ህሊናና ቢኒያም፣ ለሠላሳኛ የጋብቻ ዓመታችን ስጦታ አዘጋጅተዋል። አራት ሌሊት፣ ትልቅ ሆቴል፣ የፈለግነው ከተማ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንድንሄድ። ህሊና በስልክ አንድ ቃል ብቻ አስገባችኝ፤ "ማሚ ፕሊስ፣ ሁለታችሁ ብቻ።"

ሁለታችን ብቻ። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እኔና መኮንን ለብቻችን ያደርንበት ሌሊት የለም። ጫጉላችንን እንኳ ታናሽ እህቱ ከመጋረጃው ማዶ እየሳለች ነው ያሳለፍነው። አሁን ልጆቹ ወጥተዋል፣ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ለማንም የማልነግረውን ልንገርህ፤ እፈራለሁ። እንግዳው ሁሉ ሲሄድ እኔና እሱ የምናወራው ይኖረን ይሆን? ወይስ ሁለት የእንግዳ ማረፊያ ሠራተኞች ሆነን ቀርተናል?

እትዬ አስካለ ጠሩኝ። የዓይን ጠብታ ሰዓት ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 20፤ ከሰዓት

ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ሄድኩ፣ ህሊና ቢሮ። አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው። ልጄን ጠረጴዛዋ ላይ ሳያት ኮራሁ። ከእኔ በፊት የነበሩትን ባልና ሚስት ስታስተናግድ ምላሷ ማር ነው። እኔ ጋ ስትደርስ ግን እንደ ልጅነቷ ተነጫነጨች፣ "ማሚ፣ አልጋውን አትዪ! ሆቴል ሁሉ አልጋውን ነው ፎቶ የሚያነሳው። ከመስኮቱ ወዲያ ምን አለ ብለሽ ጠይቂ።" ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዋ በአልጋ ፎቶ ተታሎ ከሠርግ አዳራሽ አጠገብ ገባ። በጥር ወር! አራት ሌሊት ሙሉ ሙሽራ ሲሸኝ አደረ።

ጎንደርን አሳየችኝ፤ ከበረንዳው ግንቦቹ ይታያሉ። ግን ለዘንድሮ ይቆይ አለች። ላሊበላ፣ ገደል አፋፍ ላይ፤ አየሁትና ቶሎ አሳልፊው አልኳት። ሐረር፣ ግንቡ ውስጥ፤ የድሮ ሀብታም ቤት ሆቴል ሆኗል፣ ግድግዳው በሰፌድ አጊጧል። ወንዶ ገነት፤ ፍል ውሃው ተራራው ሥር፣ አዲሱ ሆቴል ደግሞ ከላይ። ፎጣቸውን እንደ ዳክዬ አጥፈው አልጋ ላይ ያስቀምጡታል። ለምን አልኩ። ለውበት ነው አለች። ሙቅ ድንጋይም ጀርባ ላይ ይደረድራሉ። ሰው በገንዘቡ ድንጋይ ይሸከማል!

ከዚያ የመታኝ ጥያቄ መጣ። ማስያዣው ላይ የሚሞላ ነው። አባዬ የሚወደው ጠንካራ ትራስ ነው ወይስ ለስላሳ?

አላወቅሁም።

እትዬ አስካለ ያለ ትራስ እንደሚተኙ አውቃለሁ። የመኮንን ታላቅ ወንድም ጋሼ ተፈራ ጠንካራ ትራስ ካላገኙ አንገታቸው ያማቸዋል። የዱባዮቹ ሁለት ሁለት ነው የሚወስዱት። ባሌ ግን የተረፈውን ነው የሚተኛበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የተረፈውን። ህሊና ፊት እንዳላለቅስ በመስኮት አስፋልቱን አየሁ።

ስመለስ ቦሌ ላይ የዋና ልብስ ገዛሁ። ጥቁር፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ጨዋ። ለማንም አላሳየሁም። ቁም ሣጥኑ ታች፣ ከክረምት ብርድ ልብሱ ሥር አለ።

እዚያው ቀን፤ ማታ

መኮንንን የት እንሂድ ብዬ ጠየቅሁት። አንቺ ያልሽው አለ። ነደደኝ። "እኔ ያልኩትን አይደለም፣ አንተ የምትለውን ነው የጠየቅሁህ!" ማንኪያውን ሲያዞር፣ ሲያዞር ቆየና ሐረር አለ።

ቀያሽ ሆኖ ወጣትነቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ስንተጫጭ አንድ ቀን እወስድሻለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን ይዞት ኖሯል። እሺ ሐረር ስለው ደግሞ አፈገፈገ። ሐረር ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ጉልበቴ አይችልም፣ አንቺንም ወገብሽን ያምሻል፣ ፍል ውሃው ይሻላል አለ። እኔ ሐረር እላለሁ፣ እሱ ወንዶ ገነት ይላል። እትዬ አስካለ ከክፍላቸው ሆነው ምን ያጣላችኋል ብለው ጠየቁ።

እሱ አሸነፈ። ወንዶ ገነት። የዛሬው ጭቅጭቅ ደስ አለኝ። ምን ልበልህ፣ ስለ ራሳችን ስንጨቃጨቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

ሐሙስ፣ ጥር 21፤ አስተርዮ ማርያም

አፌን ምነው በቆረጠው!

ማኅበሩ ጋሼ ተፈራ ቤት ነበር፣ የካ አባዶ። አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ አስካለን ደግፌ። ጠላው ጥሩ ነበር፤ እሱ ነው ጉድ የሠራኝ። የጋሼ ተፈራ ባለቤት እትዬ የሺ ምነው ፊትሽ በራ ሲሉኝ፣ ከመኮንን ጋር ፍል ውሃ ልንሄድ ነው አልኩ።

አየህ ስህተቴን? ጎንደር ብል በሰላም ግቡ ይሉኝ ነበር። ትልቅ ሆቴል ብል በአሽሙር ወግተው ይተዉኝ ነበር። ፍል ውሃ አልኩ! ፍል ውሃ ለዘመድ ሽርሽር አይደለም፣ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ደግሞ ለብቻ አይሄዱለትም። ጋሼ ተፈራ ከልባቸው ደነገጡ። "ብቻችሁን? ማን ያሻችኋል? አንዳችሁን ቢያዞራችሁ ማን ይደግፋል?" ወዲያው ጉልበታቸውን አስታወሱ። እትዬ የሺ ወገባቸውን። ከማኅበርተኛው ትከሻ የማያመው ጠፋ። እትዬ አስካለም እሄዳለሁ አሉ። ዓይንን ከፍል ውሃ ምን አገናኘው ብላቸው፣ እንፋሎቱ አሉኝ።

ዳቦው ተቆርሶ ሳያልቅ ሚኒባስ ተከራየ። መኮንን ምን አለ? ዳቦውን ያይ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 24

ህሊና መጣች። ነገርኳት። ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ትልቅ ልጅ። "እኔ ለዘመድ አይደለም የሰጠሁት! ለአንቺና ለአባዬ ነው!" ክፍሉ የሁለት ሰው ነው፣ ሆቴሉ ከሁለት በላይ አያስገባም። ይህን ለጋሼ ተፈራ በስልክ ስነግራቸው አላሳሰባቸውም፤ አልጋው ሰፊ ነው አሉ፣ እኛ ፍራሽ ይዘን እንመጣለን። ዳክዬ የሚያጥፉበት ክፍል ውስጥ ፍራሽ!

በመጨረሻ ህሊና እንባዋን ጠርጋ መፍትሔ አመጣች። ያን ክፍል ትሰርዝና በእሱ ፋንታ ከታች፣ ፍል ውሃው አጠገብ፣ ለሁለት ሌሊት ብዙ ተራ ክፍሎች ትይዛለች። ሁሉም ይበቃዋል። ለእኔና ለመኮንን ከእትዬ አስካለ ጋር ባለ ሦስት አልጋ። ይሁን ማሚ ብላ ጠየቀችኝ።

ይሁን አልኩ። ምን ልበል? አክስቱን አትምጡ ልበል? ወንድሙን፣ እኛን ያስተማሩንን፣ ጉልበትዎን ቤትዎ ያሹ ልበል? ይሉኝታ የሌለው ሰው ይበለው፤ እኔ አልችልም።

የዋና ልብሱን እንደታሸገ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

የነነዌ ጾም ነው። ሆዴ ባዶ፣ ንዴቴ ሙሉ። ከሰዓት እትዬ አስካለ ቅዳሴ ላይ እያሉ መኮንን ላይ ፈነዳሁ። ያን ዕለት አንድ ቃል እንኳ ምነው ባወጣህ አልኩት። እምቢ ማለት አታውቅም፣ ለሰው ሁሉ እሺ፣ የምትተወው እኔን ብቻ ነው አልኩት። ጮህኩ መሰለኝ፤ የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ።

አንቺስ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ፣ ቀስ ብሎ። እውነቱን ነው። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ። ድንች ልላጥ ገባሁ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ላይ ቆመ። ሁሉም ናቸው የሚሄዱት አለኝ። ሁሉም አልኩ። እትዬ አስካለም? እሳቸውም። ቢኒያምስ? እሱ ነው ይዟቸው የሚሄደው። "ታዲያ ብርቄ፣ እዚህ ማን ይቀራል?"

ሌባ ፈርቶ መስሎኝ ቆልፈን ነዋ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ሲያፏጭ ሰማሁት። ሰው በጾም ያፏጫል?

ዓርብ፣ ጥር 29

ጓዝ። ፍራሽ አያስፈልግም ተብሎም ፍራሽ መጣ። ጋሼ ተፈራና እትዬ የሺ ጠዋት በጊዜ እንድንነሳ ብለው እኛ ጋ ያድራሉ፤ ጠንካራውን ትራስ ሰጠኋቸው። ስለ ነገው ምንም ስሜት የለኝም። መኮንን ሻንጣውን አልከፈተም። ምነው ስለው እደርሳለሁ አለ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ጉድ ስማ።

ሚኒባሱ ተጭኗል። ሁሉም ገብተዋል፣ እትዬ አስካለ ከፊት። እኔ አንድ እግሬን አስገብቻለሁ። መኮንን በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። እኔ አልሄድም አለ። ቤት ባዶውን አይተውም፤ ሰሞኑን ሰፈሩ ጥሩ አይደለም፤ አንድ ሰው መጠበቅ አለበት።

ጋሼ ተፈራ እውነቱን ነው አሉ። ሁሉም እውነቱን ነው አለ። ቤት ባዶውን አይተውማ! እንዲህ ያለ ምክንያት ማን ይከራከረዋል? እኔ አሁንም አልገባኝም፤ እግሬ ሚኒባሱ ውስጥ ነው። ቀና ስል መኮንን በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ። ባሌ! ሲጠቅስ አይቼው አላውቅም።

እግሬን አወጣሁ። "እሱንስ ማን ያበላዋል?" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

እትዬ አስካለ እንባ አቀረሩ። ለባሏ ብላ መድኃኒቷን የተወች ሴት ብለው ከመስኮቱ ሆነው መረቁኝ። ኀፍረት ያዘኝ፣ ሳቅም ያዘኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ያለቀስኩ መስሏቸው ይበልጥ መረቁኝ። ቢኒያም ከሹፌሩ ኋላ አንገቱን ደፍቶ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። እሱ ያውቅ ነበር። አሁን ሳስበው ህሊናም ታውቅ ነበር።

ሄዱ።

እዚያው ቀን፤ 6 ሰዓት

የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። ይቺ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ የፈራሁት ደረሰ። ሳሎን ተቀመጥን፣ እሱ እዚያ፣ እኔ እዚህ። ምን እንደምንባባል ጠፋን። ሻይ ላፍላ አልኩ። አፍዪ አለ። ጠጣን። ሌላ ላፍላ አልኩ። በቃ፣ አልቀናል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ያ ጥያቄ ትዝ አለኝ። መኮንን፣ የምትወደው ጠንካራ ትራስ ነው ወይስ ለስላሳ? ብዙ አሰበ። "ጠንካራውን። ተፈራ የሚተኛበትን።" ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ጠይቀሽኝ አታውቂም አለ፤ ያለ ቂም። እኔም ይቅርታ አልኩት፣ እሱም ምን አጠፋሽ አለ፣ ከዚያ ወሬው ራሱ መጣ። ስለ ሐረር አወራኝ፤ አንድ ቀን ቅያሳ ላይ ሳለ አህያ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ እንደ ጣለበት፣ ማታ ማታ በጠባቡ መንገድ ሲሄድ እኔን ከፊቱ እያሰበ እንደሚያወራኝ። ምን ትለኝ ነበር አልኩ። ይህንኑ አለ። እጄን ያዘ።

ወደ መኝታ ቤት ብገባ አልጋው ላይ ፎጣ ተጣጥፎ ቁጭ ብሏል። ዳክዬ ነው አለ፤ ህሊና በስልክ ቪዲዮ ልካለት ሰሞኑን ሲለማመድ ነበር። ዳክዬ አይደለም። የታመመች ዶሮ ናት። እስኪያመኝ ሳቅሁ።

የዋና ልብሱን ለበስኩት። ከእሱ ሌላ የሚያየኝ የለ። ስለ ቀሪው አልጽፍልህም።

10 ሰዓት ከሩብ

በር ተንኳኳ። "ቤቶች!" የሻንጣ ጎማ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንኳኳ ይሰማል። ይህን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ። የመኮንን የአክስት ልጅ ደረጀ ነው፣ ነገ ጠዋት በረራ አለው። ሳይደውል። ማን ይደውላል፣ ቤቱ እንደሆነ አለ!

ተነስቼ አንሶላ አወጣሁ። እጄ ራሱ ነው ያወጣው። መኮንን ከእጄ ቀማኝ። "ተቀመጪ ብርቄ" አለኝና ወጣ። መጋረጃው ጋ ቆሜ ሰማሁ።

"ደርዬ፣ እንኳን በደህና መጣህ። ዛሬ ግን ቤቱ ሙሉ ነው።"

"ሙሉ? ሁሉም ወንዶ ገነት ሄደዋል አይደል እንዴ? ማን አለ?"

"እኔና ሚስቴ አለን።"

ደረጀ በጣም ሲስቅ ሰማሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው። መኮንን በታክሲ ሩዋንዳ ወሰደው፣ ህሊና ለደንበኞቿ የምትይዘው ማረፊያ ጋ። ከመስኮቱ ወዲያ ምን እንዳለ ጠይቅለት ብዬ ከኋላው ጮህኩ።

ለኤርፖርት ቅርብ ቤት ያለው ሰው ዘመዱን ሆቴል አስገባ። ነገ የአሰላ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ይስማ።

እንግዲህ ወስኛለሁ። ሰኞ እስኪመለሱ ይህን በር ለማንም አልከፍትም፤ ከተመለሱ በኋላም ጠንካራው ትራስ የመኮንን ነው። ጋሼ ተፈራ አንገታቸውን ይሸከሙት።

መጣ መሰለኝ፤ ታክሲ ቆሟል። ቁልፍ ይዟል፣ ግን ያንኳኳል። ምን ነካው?

"ቤቶች! የሁለት ሰው ክፍል ይኖራችኋል?" ይላል፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

ቆይ፣ ልክፈትለት።