ባለ መስኮቷ ካርቶን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ያስቸግርሻል ሲሉ ሰማሁ፤ አንቺ ደግሞ ዱላ ያዢ ሲሉሽ የምትሰሚ ሰው አይደለሽም። እኔ ደህና ነኝ። ፀጉሬ ብቻ ወደ ማጅራቴ ሸሽቷል፤ ብታዪኝ «አባባ ተነሡ እንዴ!» ብለሽ የምትደነግጪ ይመስለኛል።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልሽ፣ ሳልደውልልሽ ቆይቼ ዛሬ ብቅ ስል እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ፖስታው ላይ ያለው የተንጋደደ ጽሑፍም የእኔ አይደለም፤ የድንቢጥ ነው። ልጄን እንዲህ ብለሽ የሰየምሻት አንቺ ነሽ። አሁን አምስተኛ ክፍል ገብታ ትከሻዬ ላይ ደርሳለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አድራሻሽን እሷ እንድትጽፈው የፈለግሁበትን ምክንያት ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የሥራውን ልንገርሽ። የክልሉን የንባብ ዕቅድ እያዘጋጀን ነው የከረምነው፤ የአሥር ዓመት ዕቅድ ነው፣ ከልደት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። የፈተናውና የቁጥሩ ባለሙያ እኔ ስለሆንኩ ሁሉም ነገር የተገነባው እኔ በሰጠሁት ቁጥር ላይ ነበር። በየዓመቱ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን አንድ በአንድ ጠርተን የምናስነብባት ምንባብ አለች፤ ወንዝ ስለተሻገረች ቀይ ላም ነው የምታወራው። «ምንባቧ ከተቀየረች ያለፈውን ዓመት ከዘንድሮው ማወዳደር አንችልም» ብዬ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ የሚያነቡት ልጆች ከመቶው ከአርባ አንድ ተነሥተው ሰማንያ ስድስት ደረሱ። ተጨበጨበልን። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ለካ ቀይዋን ላም የማያውቃት የለም! መምህራኑ ፈተናው ሲቃረብ በቃል ያስጠኗታል፣ ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ገመድ ሲዘሉ ይዘፍኗታል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። በዚያ ቁጥር ተማምነን በዕቅዱ ውስጥ ለታችኛው ክፍል ሁለት ገጽ፣ ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ላለው ሕፃን ደግሞ ግማሽ ገጽ ሰጠን። የቀረው ሁሉ ለሁለተኛ ደረጃ ሆነ። ኃላፊያችን «ታችኛው ተጠናቋል» እያሉ ነበር የሚያልፉት።

ዕቅዱ ሊጸድቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ለሽፋኑ የሚሆን ፎቶግራፍ ፍለጋ ከከተማ ወጣ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄድን። ዳይሬክተሩ ጎበዝ ናት ያሏትን አንዲት ልጅ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡልን። ልጅቷ መጽሐፏን ገልጣ ላሚቱን ወንዙን ታሻግራት ጀመር፤ ድምፅዋ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገና ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ የያዘችው እኮ የሒሳብ መጽሐፍ ነው» አለኝ።

አልሳቅኩም። እሱም አልሳቀም። ልጅቷ ግን እስከ መጨረሻው ወጣችው፣ ከዚያም ጭብጨባ ጠበቀች። አጨበጨብንላት፤ ምን እናድርግ?

በማግስቱ የቢሮዬን መሳቢያ ከፍቼ ካርቶንሽን አወጣሁ። የጫማ ካርቶን በምላጭ ቆርጠሽ የሠራሻት፣ አንድ ቃል ብቻ የምታሳይ መስኮት ያላት። ከመጨረሻው ቃል አስጀምረሽ ወደ ኋላ እያስኬድሽ እኔን ያስተማርሽባት። በቃሌ ልወጣው ስሞክር ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርገሽ «ዘፈን አላዘዝኩህም፣ ያቺን አንዷን ቃል አንብብልኝ» ትይኝ ነበር። በአምሳያዋ አርባ አስቆረጥኩ። አዲስ ምንባብ ጻፍንና በአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች ዞርን። ማንበብ የቻሉት ከመቶው ሃያ ዘጠኙ ብቻ ናቸው።

ውጤቱን ለኮሚቴው ሳቀርብ ቤቱ ተናወጠ። ኃላፊው «ስድስት ዓመት ያስጨበጨብከን አንተ አይደለህም ወይ?» አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። የበጀት ክፍሉ ሰው ዘንድሮ እንዳለ ይጽደቅ፣ እያደር እናስተካክለዋለን አለ። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ እኛን ቆሞ አይጠብቅም አልኩት። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው፣ ከአንድ ፎቶግራፍና ከአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ተነሥቼ ይህን ሁሉ እንዴት እርግጠኛ ልሆን እንደቻልኩ ጠየቁኝ። ያኔ አላስችል አለኝ። «የገዛ ልጄ አታነብም» አልኳቸው።

እህቴ፣ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣሁ። ብዕሬም ከበደኝ።

ያን ጊዜ እኛ ዘንድ መጥተሽ ድንቢጥን በካርቶኗ የፈተንሻት ዕለት «ልጅቷ ትዘፍናለች እንጂ አታነብም» አልሽኝ። እኔም እሷ ፊት «ጡረታ የወጣ መምህር ልጅ ሁሉ ደካማ ይመስለዋል» ብዬ መለስኩልሽ። ምሳ ሳትበዪ ወጣሽ፤ ካርቶኗ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ያልነገርኩሽ ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። አውቶቡስሽ ገና ሳይነሣ ድንቢጥን አስቀምጬ ካርቶኗን የመጨረሻው ቃል ላይ አደረግኩላት። ቃሉን ትታ ፊቴን አየች። ሌላ ቃል ላይ አደረግኩ፤ አሁንም ፊቴን አየች። እዚያ ላይ መልሱን የምታገኝ ይመስል።

አወቅኩ ማለት ነው። ያን ቀን አወቅኩ። ካርቶኗን መሳቢያዬ ውስጥ ከሪፖርቶቹ ሥር ከተትኳትና በሳምንቱ ሰማንያ ስድስት የሚለውን ቁጥር ቆሜ አቀረብኩ። የራሷ አርሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን ነው። ድንቢጥ ሁለት ዓመት ባከነባት። ክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል ሆዴን አመመኝ እያለች ትወጣ እንደነበር ዘንድሮ ነው መምህርቷ የነገረችኝ። አንቺ ላይ የተቆጣሁት ስለተሳሳትሽ አልነበረም። ይህን ለድንቢጥ አልነገርኳትም። አባቷ ያወቀው እንደ ሰው ሁሉ ዘንድሮ ይመስላታል። ትልቅ ስትሆን ራሴ እነግራታለሁ፤ አሁን ግን አቅሙ የለኝም።

ኃላፊው አርባ ቀን ሰጡኝ። ሙሉውን ዕቅድ አፍርሰን ሠራነው። አሁን የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው ከክትባት ክፍል ነው፤ ነርሷ ሕፃኑን ስትከትብ ለእናቲቱ የሥዕል መጽሐፍ ትሰጣታለች፣ ከልጇ ጋር እንድታወራም ትነግራታለች። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ምንባቡ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ላሚቱን አሰናብተናታል። ላይኛው ክፍልም አልተዘለለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ፊደል የሚደናገረው ልጅ ስላለ የጂኦግራፊ መምህሩ ሳይቀር ንባብ እንዴት እንደሚረዳ ይሠለጥናል። ባለፈው ሰኞ ጸደቀ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሃያ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። አንዳንዱ ሰው ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላም አይለኝም፤ ይለምደዋል።

ቤት ደግሞ በየቀኑ ድንቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መክሰሷን በልታ ካርቶኗን እንይዛለን። በመጀመሪያው ወር አለቀሰች፣ እኔም ደብቄ አለቀስኩ። አሁን የሱቅ ማስታወቂያ፣ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ የአውቶቡስ ታፔላ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። የታተመውን ማለቴ ነው፤ የእኔን የዶሮ ጭረት ለማንበብ ገና ብዙ ይቀራታል። አድራሻሽን እሷ ትጻፈው ያልኩት ይህን በዓይንሽ እንድታዪው ብዬ ነው። አሽጋ ፖስታ ቤት የምታደርሰውም እሷ ናት።

አንድ ልመና አለኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ የአንደኛ ክፍል መምህራንን እናሠለጥናለን፤ ካርቶን አያያዝ የሚያሳይ ሰው ባይጠፋ እንኳ ያንን ጆሮ ቆንጠጥ የሚያደርግ እጅ ከየት ይመጣል? ነይልን። አዳራሹ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፤ አስቀድሜ አይቼዋለሁ። ብትመጪ ይቅር እንዳልሽኝ እቆጥረዋለሁ፣ ባትመጪም እውነት አለሽ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ያስተማርሽው ፊደል ሁሉ መልሶ ይመርቅሽ።

ጆሮው ዛሬም የሚያቃጥለው
ታናሽ ወንድምሽ

አክስቴ፣
አባዬ አድራሻውን ጽፈሽ አሽጊው ብሎኝ ነበር። ሳላሽገው ካርቶኗን የደብዳቤው መጨረሻ ቃል ላይ አደረግኳት። ገባኝ። ከዚያ ከላይ ጀመርኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ፣ የአባዬ ጽሑፍ በጣም አስቀያሚ ነው። «ያን ቀን አወቅኩ» የሚለውን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማንበቤን አልነገርኩትም። ስትመጪ አትቆጪው።
ድንቢጥ