ደከመኝ እና ታከተኝ

ለዳሄ አባት፣

ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እዚህ ቡሳን ደህና ነን።

ዳሄ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። የሳተቻቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት በስህተት ደብተሯ ላይ እየገለበጠች፣ ለእያንዳንዱ የራሷን ዓረፍተ ነገር ትጽፋለች። ባለፈው በእንግሊዝኛ «ደከመኝ» እና «ታከተኝ» የሚባሉት ቃላት ተምታተውባት ነበር። «ሁለቱም ያው ድካም አይደሉም እንዴ?» ብላት፣ «አይ እማ፣ የደከመው ተኝቶ ይነሳል። የታከተው መንቃቱንም አይፈልገው» አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል። ለ«ታከተኝ» የጻፈችውን ዓረፍተ ነገር መዝገበ ቃላት ይዤ አነበብኩት፤ «እኔ» ብሎ ነው የሚጀምረው። መምህሯ ከሥሩ በቀይ «ግሩም፣ ልዩነቱ በደንብ ገብቶሻል» ብሎበታል።

ሌላ ወሬ የለም። የክፍሌ ወለል ማሞቂያ አልሠራ ስላለኝ እሷ ጋ መተኛት ጀምሬአለሁ። ወደ ሕንፃው ጣሪያ የሚያወጣውን በርም ነፋስ እያንጓጓ ስላስቸገረ፣ ጥበቃውን ለምኜ አስቆልፌዋለሁ።

ጎመኑን በጨውና በበርበሬ አብኩተን ኪምቺ የምንሠራበት ጊዜ ደርሷል። በየዓመቱ ሠላሳ ጎመን ያለ አንተ እወጣው ነበር። ዘንድሮ የገዛሁት ዐሥር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ለብቻዬ አልችለውም። ካፒቴኑን ለምነህ ከፈተናው በፊት ና።

ማዕበሉ ይለፍህ፣ በደህና ያግባህ።

የዳሄ እናት