የእናቴ መቃብር ላይ የመኪና ማቆሚያ ላገኙት ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የካርታ ሥራ ኃላፊ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? እኛ የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሰዎች አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት ያለነው ደኅና ነን፤ የሞቱብን ግን ከእርስዎ ካርታ ላይ ስለጠፉ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው በጋ ባለሙያዎን አቶ ውበቱን ታብሌት አስይዘው ልከውልን ነበር። ታብሌቱ ላይ ያለው ፒዲኤፍ ካርታ በእውነት የሚደነቅ ነው፤ የቆሙበትን በሰማያዊ ነጥብ ያሳያል፣ በጣት መስመር ያሰምራል፣ ርቀት ይለካል፣ ምልክት ተክሎ ፎቶ ያያይዛል። የመቃብራችንን ዙሪያ አብረነው ዞርን። ድንጋዮቹ ላይ ስም ስለማንጽፍ የማን የት እንዳረፈ የምናውቀው እኛው ነን። እኔ ጅዳ በሰው ቤት ሳገለግል እናቴ ሞታ አልደረስኩላትም፤ የቀረችኝ አንዲት የራስጌ ድንጋይ ናት። እሷንም ለአቶ ውበቱ በእጄ አሳየሁት፣ ፎቶ አነሳት።

ሲሄድ ሽማግሌያችን ሸህ ኑርዬ «ያየኸውን አላህ አያስረሳህ» ብለው ዱዓ አደረጉለት፤ እኛም አሚን አልን። ዱዓ ያደረግንለትን እንግዳ የጻፍከውን አሳየን ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ማንም ታብሌቱን አልጠየቀውም።

ከዚያ የጸደቀውን ካርታ በቴሌግራም ለቀቃችሁልን። ስልኬ ላይ ከፍቼ እናቴ አጠገብ ቆምኩ። ሰማያዊው ነጥብ ሳይሳሳት «ባዶ መሬት፣ የሎጅ መኪና ማቆሚያ» የሚለው ላይ አረፈ። ቅሬታዬም እንደሚከተለው ነው።

፩. ቢሮዎ ስመጣ፣ ምልክቶቹ እንዳልጠፉ፣ የተቀመጡበት ሌየር፣ ማለትም ካርታው ላይ የሚደረበው ገጽ፣ ሲታተም ተዘግቶ እንደነበር በትሕትና አስረዱኝ። እንግዲያው ይከፈት ስል ካርታው ጸድቋል ተባልኩ። ሙታኖቻችንን በጥንቃቄ ስለደበቃችሁልን እናመሰግናለን።

፪. እዚህ ሊሠራ የታቀደው የቱሪስት ማረፊያ፣ የሎጁ፣ በርና አትክልት ቦታም በዚያው ታብሌት፣ በዚያው ጣት የተሰመረ ነው። እሱ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገና ያልተሠራ በር የሚታይበት፣ የተቀበረ ሰው የማይታይበት መሣሪያ ስላስተዋወቁን ምስጋናችን ይድረስዎ።

፫. ይህኛው ቁጥር የሚሰጠው አልነበረም፤ ግን ደንቡ ነው ብዬ ሰጠሁት። ልትነጥቁን መምጣታችሁን ብናውቅ ኖሮ ተሟግተን እንሸነፍ ነበር፤ ያኔ ቂም እንጂ ኀፍረት አይተርፈንም ነበር። እናንተ ግን በእንግድነት መጣችሁ፣ እኛም በገዛ እጃችን አሳየናችሁ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሕመሙን ያወቅሁት አሁን ነው። ሸህ ኑርዬ ከዚያ ወዲህ ለማያውቁት ሰው ዱዓ ማድረግ ፈርተዋል። ይህንን በየትኛው ሌየር ላይ እንደምታስቀምጡት አላውቅም።

ዕድሜና ሹመት እንዲጨምርልዎ እየተመኘሁ፣ በእርስዎ ባዶ መሬት ላይ ቆሜ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ፤

ሒክማ ሀሚዱ

ማስታወሻ፦ አስተያየት ያለው ሰው በስልኩ ካርታው ላይ ምልክት ይትከል ስላላችሁ እኔም ተክያለሁ። ስም ሲጠይቀኝ «ዋሲላ ሰዑድ፣ እናቴ» ብዬ ጻፍኩ። ማጥፋትዎ አይቀርም፤ ብቻ አደራ፣ ቢሮዎ ተቀምጠው አይሁን። ራስጌዋ ድረስ መጥተው፣ ዓይኔን እያዩ ይጫኑት።